መቅዘፊያውን ያላነሡት ባላምባራስ

ባላምባራስ ጀንበሬ ጎረቤታቸውን መሪጌታ ይኄይስን በታንኳ ሌብነት ከሰሱ፤ በአደባባይ ተሟገቱ፤ ተረቱም። ከሙግቱ በኋላ ያጡት ነገር ግን ከታንኳው እጅግ የከበረ ነበር። ነገሩ በአጭር ቃል ይኸው ነው፤ ሆኖም፣ አስተዋይ አንባቢ ሆይ፣ ጥቂት ልንመረምረው ይገባናል። የሰው ልጅ ፈቃዱን የሚገልጥበት መንገድ ሁለት ነው፤ አንደኛው አንደበት፣ ሁለተኛው ምግባር። አንደበት ዛሬ የሰጠውን ነገ ሊክድ ይችላል፤ ምግባር ግን በዓይን የታየ፣ በዘመን የጸና፣ በጎረቤት ልቡና የታተመ ስለሆነ ባለቤቱ ራሱ ሊፍቀው በተነሣ ጊዜ ብርቱ ድካም ይሆንበታል። ቅንአት የሚባለው ደዌም ሰውን የሚይዘው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው። ቀናተኛ በግልጥ የሰጠውን በስውር ይነሣል፤ ፊት ለፊት ፈገግ ብሎ በልቡ ጥርሱን ያፋጫል፤ ከአፉ ያላወጣውን ክልከላም ሌላው ሰው እንዲሰማለት ይሻል፤ ያልተሰማለት እንደሆነ እንደ ተደፈረና እንደ ተዋረደ ይቆጥረዋል።

ባላምባራስ የሚኖሩት በጣና ባሕር ምዕራባዊ ዳርቻ፣ ውኃው ወደ የብስ ገባ ብሎ በተኛበት ሥፍራ ነበር። ከመንደሩ ትይዩ በዛፍ የተሸፈነች ትንሽ ደሴት አለች፤ በላይዋም ጥንታዊ ደብር ቆሟል። ከባሕሩ ክንድ ባሻገር ደግሞ ሌሎች መንደሮች ይታያሉ፤ በእግር ወደዚያ የሚሄድ ሰው ረግረጉን ሲዞር ይውላል፣ ያድራል፤ በታንኳ የሚሻገር ግን ጥላው ሳይዞር ይደርሳል። ታንኳው ደንገል ከሚባለው የባሕር ዳር ቄጠማ የሚታሰር ነውና ውኃ ውስጥ ከከረመ ይበሰብሳል፤ ስለዚህ ከጉዞ በኋላ ወደ ዳር ተጎትቶ፣ ውኃው ተንጠፍጥፎ፣ ለፀሐይ ይቆማል። በዚያ አገር ስለ ታንኳ የጸና ልማድ አለ። ባለ ታንኳው መቅዘፊያውን ተሸክሞ ወደ ቤቱ የወጣ እንደሆነ ታንኳው ለሌላ ሰው የተዘጋ ነው፤ መቅዘፊያውን ከታንኳው ሥር የተወ እንደሆነ ግን ለጎረቤት ሁሉ የተከፈተ ነው። የሚጠይቅ የለም፣ የሚመልስም የለም። በተከፈተ ታንኳ የተጠቀመ ሰው ያለበት ግዴታ አንድ ብቻ ነው፤ ሲመለስ ደንገሉን አንጠፍጥፎ ለፀሐይ ማቆም።

ይህን ልማድ ባላምባራስ ከማንም ይልቅ ያውቁት ነበር፤ ያወቁትም በመራራ መንገድ ነው። ማዕረግ ሳያገኝ፣ ጀንበሬ ተብሎ ብቻ በሚጠራበት የጎልማሳነት ወራት፣ አባት የሌለው፣ በሰው ደጅ እንጨት ፈላጭ ሆኖ የሚያድር ምስኪን ነበረ። እናቱ ከባሕሩ ክንድ ማዶ በጠና መታመሟን የሰማ ዕለት ወደ ዳርቻው ሮጦ ወረደ። ታንኳዎች ተደርድረው ቆመዋል፤ ከአንዳቸውም ሥር መቅዘፊያ አልነበረም። የአንዱን ባለጸጋ ደጅ መታ፤ ባለጸጋው በበሩ ስንጥቅ አየውና «ለአንተ ነው ታንኳ?» ብሎ ዘጋበት። ጀንበሬ ረግረጉን ዞረ። ሲደርስ የእናቱ መቃብር አፈር ገና እርጥብ ነበር። ስለዚያ መንገድ ለማንም አውርቶ አያውቅም፤ እንዴት ነበር ያሉት እንደሆነም «ሩቅ ነበር» ብቻ ይል ነበር።

ዘመን ተለወጠ፤ ጀንበሬም በአንድ መኰንን ቤት በታማኝነት አገልግሎ ርስት ገዛ፣ ባላምባራስ ተባለ፣ በዚያው ዳርቻም ቤት ሠራ። አትጠገብ የምትባል፣ ንግግሯ ጥቂት፣ ዓይኗ አስተዋይ የሆነች ሴት አገቡ። በተጋቡ በመጀመሪያው ክረምት አትጠገብ እንደ እናቷ ቤት ልማድ መቅዘፊያውን በየማታው ተሸክማ ስትወጣ አይተው ወደ ነበረበት እንድትመልሰው አዘዟት። ከዚያ ወዲህ መቅዘፊያው ከታንኳው ሥር አልተነሣም። ይህ ሥራቸው ከፊሉ ምጽዋት፣ ከፊሉም በቀል ነበር፤ እርሳቸውን የከለከሏቸው ሰዎች ልጆች በእርሳቸው ታንኳ ሲሻገሩ ከደጃፋቸው ተቀምጠው ማየት ከማርና ከወተት ይልቅ ይጣፍጣቸው ነበርና።

ከሚሻገሩትም አዘውታሪው መሪጌታ ይኄይስ ነበሩ። መሪጌታ ሚስታቸው የሞተችባቸው፣ ቁመታቸው የዘንባባ፣ ድምፃቸው የበገና የሆነ የድጓ መምህር ናቸው። የበዓላት ዋዜማ በደረሰ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ከባላምባራስ ደጅ በታች ይወርዳሉ፤ እጅ ይነሣሉ፤ ባላምባራስም ከመደባቸው ብድግ ብለው እጅ ይነሣሉ፤ መሪጌታ መቅዘፊያውን አንሥተው ወደ ደሴቲቱ ይሻገራሉ። በማግሥቱ ሲመለሱ ታንኳውን እንደ ሕፃን ደግፈው ያወጡታል፣ አንጠፍጥፈው ያቆሙታል። ታንኳው ባረጀ ጊዜም ባላምባራስ አሳሪውን ጠርተው «ይኸኛው ሰፋ ይበል፤ ከበሮ የሚያሳርፍ ይሁን» አሉት፤ ይህንንም ሲሉ መሪጌታ በአጠገባቸው ቆመው ነበር። እንዲህ ሆኖ ዓመታት ዓመታትን ተኩ።

ቅንአት ወደ ባላምባራስ ቤት የገባው በድምፅ ነው። መሪጌታ ሲቀዝፉ የዋዜማውን ዜማ እያዜሙ መሻገር ልማዳቸው ነበር፤ ባላምባራስም ለብዙ ጊዜ ሰምተውት አያውቁም ማለት ይቻላል፣ የወፍ ጩኸት እንደማይሰማ ሁሉ። አንድ ቀን ግን፣ የዜማው ጫፍ በውኃው ላይ ተንሳፍፎ በደረሰ ጊዜ፣ በጓዳው ደጅ ተቀምጣ ጥጥ የምትፈትለው አትጠገብ እንዝርቷን አቆመች። ዜማው እስኪያልቅ እንዝርቱ አልዞረም። ከዚያም ምንም እንዳልሆነ መፍተሏን ቀጠለች። የሆነው ይህ ብቻ ነው፤ ከዚህም በላይ የሆነ ነገር የለም፤ ነገር ግን ባላምባራስ ከዚያች ቀን ጀምሮ ዋዜማ በመጣ ቁጥር መሪጌታን ትተው እንዝርቱን የሚጠባበቁ ሆኑ። እንዝርቱም ይቆም ነበር። አንዳንድ ጊዜ እንዲያውም መሪጌታ ገና ከደጅ በታች ሲታዩ ይቆም ነበር፤ ወይም ለባላምባራስ እንደዚያ መሰላቸው። ቀድሞ የሚያስመሰግነው የመሪጌታ ጥንቃቄ አሁን እንደ ድፍረት ታያቸው። «የሰው ታንኳ እንዲህ አድርጎ የሚደግፍ፣ ሌላ ሌላውንስ እንዴት አድርጎ ይደግፍ ይሆን?» አሉ በልባቸው። ሚስታቸው ልብስ ስታጥብ ወደ ውኃው ቀና ያለች እንደሆነ ደሴቲቱን አየች አሉ፤ ቀና ያላለች እንደሆነም ላለማየት ተጠነቀቀች አሉ።

አንባቢ ሆይ፣ መድኃኒቱ በእጃቸው ነበር። መቅዘፊያውን አንሥተው ወደ ቤት ቢያስገቡ መሪጌታ ሌላ ታንኳ ፈልገው በሄዱ ነበር፤ መቅዘፊያውን ማስገባት በልማዱ የባለቤቱ መብት ነውና። ይህን ግን ሊያደርጉ አልተቻላቸውም። መቅዘፊያውን ማንሣት ማለት ያንን በሩን የዘጋባቸውን ባለጸጋ መሆን ነው፤ ይህም አልበቃ ብሎ መንደሩ «ባላምባራስ ምን አገኛቸው?» ብሎ ይጠይቃል፤ አትጠገብም መቅናታቸውን ትረዳለች። ስለዚህ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ወደ ዳርቻው ይወርዱ ጀመር። መቅዘፊያውን ያነሣሉ፤ በእጃቸው ይመዝኑታል፤ ወደ ቤታቸው አቅጣጫ ጥቂት ይራመዳሉ፤ ተመልሰውም እንደ ነበረ ያስቀምጡታል። መሪጌታ ራሳቸው አውቀው እንዲቀሩ፣ ያልተነገረውን እንዲሰሙ፣ ያልተከለከለውን እንዲተዉ ይመኙ ነበር። መሪጌታ እጅ ሲነሡ ግን እርሳቸውም እጅ ይነሡ ነበር፤ እንዲያውም ከቀድሞው ዝቅ ብለው።

በመጨረሻ ሰበብ አገኙ። ከባሕሩ ክንድ ማዶ አንድ የሩቅ ዘመዳቸው ሞተና ለቅሶ ተጠሩ። ዕለቱ የዋዜማ ዕለት ነበር፤ መሪጌታ ከሰዓት በኋላ እንደሚሻገሩ ባላምባራስ ጠንቅቀው ያውቃሉ። አትጠገብ «ማለዳ ይሂዱ እንጂ፤ በኋላ ታንኳው አይገኝም» አለቻቸው።

«ለምን አይገኝም? የማን ታንኳ ነው?»

«የእርስዎ ነው። ዛሬ ግን ዋዜማ ነው።»

ዋዜማ መሆኑን ማስታወሷ እንደ እሾህ ወጋቸው። ማለዳውን ቤት ውለው፣ መሪጌታ ወርደው እጅ ሲነሡ እጅ ነሥተው፣ ታንኳው ከደሴቲቱ ጥላ ሲገባ ካዩ በኋላ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ወደ ዳርቻው ወረዱ፤ ባዶውን ሥፍራም እየጠቆሙ «ታንኳዬ ተሰረቀ!» ብለው ጮኹ።

ችሎቱ የተቀመጠው በዓሉ ካለፈ በኋላ፣ ከመንደሩ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውጭ፣ በብሳናው ጥላ ሥር ነው። ዳኛው ግራዝማች ብሬ የሚባሉ፣ ነገር ሲሰሙ ዓይናቸውን የሚጨፍኑ ሽማግሌ ነበሩ። የመንደሩ ሰው ሥራውን ጥሎ ተሰበሰበ። አትጠገብ እንደ ሌሎቹ የመንደሩ ባለ ትዳር ሴቶች ከቤቷ ቀርታለች። ባላምባራስ ጋቢያቸውን አደግድገው፣ ዘንጋቸውን ወደ ባላጋራቸው ዘርግተው ቆሙ።

«በላ ልበልሃ! ታንኳው የእኔ ነው። በገንዘቤ ያሳሰርኩት፣ በደጄ ያቆምኩት። ይህ ደብተራ ያለ ፈቃዴ ወሰደው፤ ለለቅሶ ብወርድ ባዶ ዳርቻ ጠበቀኝ። ፈቀድኩልህ የሚል ቃል ከአፌ ወጥቶ እንደሆነ አንድ ጉንዶ ማር ልክፈል!»

መሪጌታ አንተ መባላቸውን እንዳልሰሙ ሆነው አለፉት። «ባላምባራስ እውነት ተናገሩ» አሉ በለሰለሰ ድምፅ። «እንዲህ ያለ ቃል ከአፋቸው ሰምቼ አላውቅም።»

«ታዲያ በምን ወሰድከው?»

«በመቅዘፊያው።»

ሰዉ ሳቀ። አያ ደምሌ የተባለው ዓሣ አጥማጅ ከኋላ ሆኖ «ሌባማ ሌባ ነው፤ የሰረቀውን አድርቆ የሚመልስ ሌባ!» ብሎ ሣቁን አደመቀው፤ ግራዝማችም ዓይናቸውን ሳይገልጡ «ደምሌ፣ አፍህን ለዓሣህ ቆጥበው» አሉት።

መሪጌታ ቀጠሉ። «መቅዘፊያውን ከታንኳው ሥር አገኘሁት። አምናም፣ ካቻምናም፣ ከዚያም በፊት እዚያው ነበረ። የምወርደው በደጃቸው በታች ነው፤ እጅ እነሣለሁ፤ እጅ ይነሡኛል። ታንኳው ሲያረጅ ከበሮ የሚያሳርፍ ይሁን ብለው ሰፊ አሳሰሩ። በቤታቸው ከበሮ የሚመታ ሰው የለም። ፈቃድ አይደለም ቢሉኝ፣ ታዲያ ይህን ሁሉ ምን ብዬ ልጥራው?»

ባላምባራስ ፊታቸው ጠቆረ። «መቅዘፊያውን እዚያ የተውኩት እኔ አይደለሁም። የቤት ሰው ረስቶት ይሆናል።»

ግራዝማች ዓይናቸውን ገለጡ። «የቤት ሰው ማለት ማን ነው?»

ባላምባራስ የተናገሩት ነገር ወዴት እንደሚያደርስ ያዩት ያን ጊዜ ነው። «ሚስቴ» አሉ ዝቅ ብለው።

«እንግዲያስ እርሷ ትጠየቃ።»

«አይሆንም፣ ግራዝማች» አሉ መሪጌታ ፈጥነው። «ወይዘሮ አትጠገብን ወደ አደባባይ አታውጧት። ማሩን እኔ ልክፈል። ተረትቷል በሉኝና ይብቃ።»

ልብ በል፣ አንባቢ ሆይ፤ ባላምባራስ በዚያች ቅጽበት ረትተው ነበር። ማሩ ተሰጥቷቸዋል፣ ሌባውም ሌባ ነኝ ብሏል፣ ወደ ቤታቸው የሚመለሱበት መንገድም ተጠርጎ ተዘጋጅቷል። ነገር ግን የባላጋራቸው ቸርነት ከክፋቱ ይልቅ አቃጠላቸው፤ ሰው ማሩንና ክብሩን ጥሎ የሚከልላት ሴት ለእርሱ ምኑ ናት? በአደባባይ በመካከላቸው ብትቆም ለማን ትመሰክር ይሆን? ይህን ለማወቅ ያላቸው ጥማት ረትቶ ከመሄድ በረታባቸው።

«አንተ ማን ነህና ነው የእኔን ሚስት የምትከልላት? ትጠራ!»

«ባላምባራስ» አሉ ግራዝማች፣ «ሰውየው ረታኸኝ እያለዎት ነው። ይቀበሉና ይሂዱ።»

«ትጠራ አልኩ! የምትለውን እቀበላለሁ። የምትለው ይርታኝ!»

አትጠገብ መጣች። ነጠላዋን መስቀለኛ አጣፍታ፣ መሪጌታንም ባሏንም ሳታይ፣ በዳኛው ፊት ቆመች። ግራዝማች እውነቱን እንድትናገር አስምለው መቅዘፊያውን ማን እንደተወው ጠየቋት።

«እኔ ነኝ» አለች። ባላምባራስ በረጅሙ ተነፈሱ። «ጌታዬ ተዪው ስላሉኝ ተውኩት። በተጋባን በመጀመሪያው ክረምት ነው። የከለከሏቸው ሰዎች ያዩት ዘንድ ነው አሉኝ። ከዚያ ወዲህ አላነሣሁትም።»

«ከዚያ በኋላስ አንሺው ብለውሽ ያውቃሉ?»

«አያውቁም።» ከዚያም ለዳኛው ሳይሆን ለራሷ እንደምትናገር ሆና ቀጠለች። «ዘንድሮ ግን ፀሐይ ስትገባ ወደ ዳርቻው እየወረዱ ራሳቸው ያነሡታል። ጥቂት ይዘውት ይመጣሉ፤ መልሰው ያስቀምጡታል። ከደጅ ሆኜ አያለሁ። ዛሬስ ያስገቡት ይሆን እያልኩ እጠብቃቸው ነበር። ያስገቡት ዕለት፣ ምን ሆኑብኝ ብዬ ልጠይቃቸው አስቤ ነበር።»

የሳቀ ሰው አልነበረም። አያ ደምሌ እንኳ ወደ መሬት አቀረቀረ። መሪጌታ ፊታቸውን ወደ ብሳናው ግንድ አዞሩ። ለባላምባራስ ሰው ሁሉ ዕርቃናቸውን ያያቸው ያህል ተሰማቸው፤ ያም ሆኖ ከዚህ ሁሉ ቃል መካከል ልባቸው የፈለገው አንዱን ብቻ ነበር፤ መሪጌታ የሚል ስም አንድ ጊዜ ስንኳ ከአፏ አልወጣም፤ ይህም ለምን እንዳልወጣ መጠራጠር ጀመሩ።

ግራዝማች ፍርዳቸውን እንዲህ ብለው ሰጡ፤ «ባለቤት ሲፈቅድ በአፉ ብቻ አይፈቅድም። መቅዘፊያውን ትቶ፣ ሲሄዱበት እያየ፣ እጅ እየነሣ፣ ሰፋ አድርጎ እያሳሰረ ዘመን ያሳለፈ ሰው ፈቅዷል። የፈቀደ ሰው መከልከል ይችላል፤ ነገር ግን የተከለከለው ሰው ከመሻገሩ በፊት ያሳውቀው፤ ከተሻገረ በኋላ ሌባ አይበለው። መሪጌታ ነጻ ናቸው። ባላምባራስ ማሩን ይክፈሉ። ከዛሬ ጀምሮ ግን ታንኳዬ ተዘግቷል ቢሉ ማንም አይነካውም፤ መዝጊያው በእጅዎ ነው።»

«ማሩን አልፈልግም» አሉ መሪጌታ። «ፈቃዱም ዛሬ አብቅቷል። በዚያ ታንኳ ዳግመኛ እግሬን አላሳርፍም።» ከሰዉ መካከልም ማንንም ሳይሰናበቱ ወጡ።

ባላምባራስ በቀጥታ ወደ ዳርቻው ወረዱ። ሰዉ ከኋላ እያያቸው መቅዘፊያውን አነሡ፤ በዚህ ጊዜ አልመለሱትም፤ በትከሻቸው ተሸክመው ወደ ቤታቸው ወጡና በግድግዳው ላይ አስደገፉት። አትጠገብ ከጓዳ ወጥታ መቅዘፊያውን አየችው። ልብሷን በአንዲት አነስተኛ አቅማዳ ከትታ ነበር።

«ወዴት ነው?» አሉ።

«ወደ ወንድሜ ቤት።»

«ወንድምሽ ቤት ወይስ ደሴቲቱ?»

ያን ጊዜ ቀና ብላ በዓይናቸው ውስጥ አየቻቸው። «መሪጌታን ከእግዚአብሔር ይመስገን በቀር ያነጋገርኳቸው ቃል የለም። ይህን በአደባባይ ቢጠይቁኝ እምል ነበር። በቤትዎ ቢጠይቁኝም እምል ነበር። እርስዎ ግን የጠየቁኝ ስለ ታንኳ ነው።»

«እንዝርቱስ?» አሉ ድምፃቸው ተሰብሮ። «ሲያዜም እንዝርትሽ ለምን ይቆማል?»

አትጠገብ ምን እንደሚሉ ለማስታወስ ጥቂት ጊዜ ፈጀባት። «አባቴም እንዲህ ያዜም ነበር» አለች። «ሙት ዓመቱ ካለፈ ወዲህ እርሱን የሚያስታውሰኝ ይህ ዜማ ብቻ ነበር። የሚነገር መሆኑን አላወቅሁም።»

ባላምባራስ ቆዪ ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። ነገር ግን ዕድሜ ልካቸውን በመቅዘፊያ ሲናገሩ የኖሩ ሰው ነበሩና ቃሉ አልመጣላቸውም፤ ከበሩ ዘወር ብለው ብቻ መንገድ ለቀቁላት፤ እርሷም ይህን እንደ ፈቃድ ቆጥራ ወጣች። ወንድሟ የሚኖረው ከባሕሩ ክንድ ማዶ ነው፤ ታንኳ አልጠየቀችም፤ ረግረጉን የሚዞረውን መንገድ ይዛ ሄደች። ባላምባራስ ያን መንገድ ያውቁታል። አልተከተሏትም።

መሪጌታ ከዚያ በኋላ በደሴቲቱ ደብር ተቀመጡ፤ ደቀ መዛሙርታቸውም ወደዚያው ተከተሏቸው። ጎረቤቶች በባላምባራስ ደጅ በታች መውረድ ትተው ራቅ ባለው ዳርቻ መሻገር ጀመሩ፤ ቅር ብሏቸው ሳይሆን፣ ምን እንደተፈቀደና ምን እንደተከለከለ እርግጠኛ መሆን ስላልቻሉ ነው። ክረምቱ ሲገባ የሚያቆመው ያጣው ታንኳ በደለሉ ውስጥ ተኝቶ ደንገሉ ተፈታ፣ ተበታተነም። ባላምባራስም ሌላ አላሳሰሩም፤ ርስቱ የእርሳቸው፣ ዳርቻው የእርሳቸው፣ ቤቱም የእርሳቸው ነበር፤ በዚያ ሁሉ ውስጥ ባላምባራስ ጀንበሬ ብቻቸውን ቀሩ።